የሕክምና መሣሪያ ፈጠራና የባለካፒታል ሽርክና

አንድ የሕክምና መሣሪያ ከመፈልሰፉ አንሥቶ በሽተኛው አልጋ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ረጅም ጎዳና ይጓዛል። ሐሳቡ በአንድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ አእምሮ ውስጥ ይፀነሳል፤ በቤተ ሙከራ ናሙናው ይሠራል፤ በሰው ላይ ጉዳት እንደማያደርስ ይፈተናል፤ ተቆጣጣሪው የመንግሥት አካል መርምሮ ፈቃድ ይሰጠዋል። ከዚያም በኋላ ፋብሪካ፣ መለዋወጫ፣ ጠጋኝና አስተማሪ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ዓመታትን የሚፈጅ ሲሆን በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጀማሪው ኩባንያ አንዲት ሳንቲም ላያስገባ ይችላል። ስለሆነም ገንዘብ ካለው ወገን ጋር መሻረክ ግዴታው ይሆናል። በዓለም ትልልቅ ከተሞች ባለካፒታሎችና ጀማሪ ኩባንያዎች የሚገናኙባቸው ጉባኤዎች በየጊዜው የሚጠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ በዚህ ሐተታ የምናነሣው ጥያቄ ሽርክና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ያለ ገንዘብ መሣሪያ እንደማይሠራ ማንም ወዛደር ያውቀዋል። ጥያቄያችን በሽርክናው ውል ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው የሚል ነው። የቀበሌ ነዋሪው በጤና ጣቢያ ደጃፍ ወረፋ ሲጠብቅ፣ አባወራው የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮውን ሲከፍል፣ ሩቅ አገር የተፈረመው የዚያ ውል ውጤት ከደጁ ይደርሰዋል።

ሽርክና የሚለው ቃል ለጆሮ ይጥማል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት የነበረው የእኩል አራሽ ውልም ቢሆን በወረቀት ሲታይ ሽርክና ነበር። አንዱ መሬት፣ ሌላው ጉልበት ያወጣሉ፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ይሁን እንጂ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው፣ ሲከፋው ጭሰኛውን የሚነቅለው፣ ካሻውም መሬቱን ጦም የሚያሳድረው ባለመሬቱ ነበር። አዛውንቶቻችን ይህን በሚገባ ያስታውሳሉ። በሕክምና መሣሪያ ሽርክና ዘንድ መሬቱን ጦም ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳይ፣ በይፋ የታወቀ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በካሊፎርኒያ ኮስታ ሜሳ ከተማ ከነበረው ኒውፖርት ሜዲካል ኢንስትሩመንትስ ከተባለ አነስተኛ ኩባንያ ጋር የ6.1 ሚሊዮን ዶላር ውል ተዋዋለ። የውሉ ቁም ነገር ወረርሽኝ ቢነሣ ለመጠባበቂያ የሚሆን ቀላል፣ ተንቀሳቃሽና ርካሽ የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ፣ ማለትም ቬንቲሌተር፣ እንዲሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው መሣሪያ በገበያ ላይ 10,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። አዲሱ ግን ከ3,000 ዶላር በታች እንዲሆን ታቀደ። መንግሥትም እስከ 40,000 የሚደርሱ መሣሪያዎችን ለመግዛት አስቦ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 የሚሠሩ ሦስት ናሙናዎችን ወደ ዋሽንግተን ላከ። ሥራው በመልካም ሁኔታ በመገስገስ ላይ ነበር።

በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኮቪዲየን የተባለው ግዙፍ የሕክምና መሣሪያ አምራች ኒውፖርትን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ኮቪዲየን ራሱ ውድ ቬንቲሌተሮችን የሚሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድም መሣሪያ ለመንግሥት ሳይረከብ የኮቪዲየን ኃላፊዎች ሥራው በቂ ትርፍ የለውምና ከውሉ እንውጣ ብለው ጠየቁ፤ ውሉም ፈረሰ። ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ይህን ታሪክ ሲያወጣ፣ የመንግሥት ባለሥልጣናትና የሌሎች ፋብሪካዎች ኃላፊዎች ግዢው የተፈጸመው ርካሹ መሣሪያ የውዱን ገበያ እንዳያፈርስ ለማገድ ነው ብለው መጠርጠራቸውን ገለጸ። በኩባንያው ወገን ደግሞ ናሙናው መንግሥት የጠየቀውን መስፈርት፣ በተለይም ለጨቅላ ሕፃናት የሚሆነውን፣ አያሟላም ነበር የሚል መልስ ተሰጠ። እኛ የሰዎቹን ልብ መርምረን ዓላማቸው ይህ ነበር ለማለት አንችልም፤ አያስፈልግምም። ዋናው ነገር ፈጠራውን ወደፊት የመግፋትም የማስቆምም ሥልጣን በአንድ እጅ መውደቁና ያም እጅ ለበሽተኛው መልስ የመስጠት ግዴታ ያልነበረበት መሆኑ ነው። መንግሥት ሥራውን ለሌላ ትልቅ ኩባንያ፣ ለፊሊፕስ፣ በ13.8 ሚሊዮን ዶላር እንደገና ሰጠ። የመሣሪያው ፈቃድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን 10,000 መሣሪያዎች የታዘዙት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ኮቪድ 19 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዛመት በመጋዘን ውስጥ አንድም አልነበረም።

የአሜሪካ መንግሥትም ከወቀሳ አይድንም። የሕዝብ ገንዘብ ሲያወጣ ኩባንያው ቢሸጥ ፈጠራው የት ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ በውሉ ውስጥ በቅጡ አልቋጨውም።

እዚህ ላይ የጀማሪ ኩባንያዎች ካፒታል እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መግለጹ ተገቢ ይሆናል። ባለካፒታሉ ገንዘቡን የሚያወጣው በአብዛኛው መሣሪያው ተሸጦ ከሚገኘው ገቢ ዓመት በዓመት ድርሻ ለመውሰድ አይደለም። ጥቂት ዓመታት ጠብቆ ኩባንያውን ራሱን ለትልቅ ኩባንያ ለመሸጥ ወይም ድርሻውን በአክሲዮን ገበያ ለማዋል ነው። ከዐሥር ኩባንያዎች ብዙዎቹ ቢከስሩ አንዱ የሁሉንም ኪሣራ አካክሶ ትርፍ እንዲያመጣ ይጠበቅበታል። በመሆኑም እውነተኛው ሸቀጥ ኩባንያው እንጂ መሣሪያው አይደለም። ገዢዎቹም በአብዛኛው በዚያው ገበያ ላይ ቀድመው የተደላደሉ ሞኖፖሎች ናቸው። ፈልሳፊው ይህን ሳያውቅ ቢፈርም፣ ከዓመታት በኋላ በገዛ ፈጠራው ላይ ቃል የሌለው ሆኖ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአገራችን ይበልጥ የቀረበ ነው። የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ በአክታ ውስጥ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚለይና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ጂን ኤክስፐርት የተባለ መሣሪያ በየሆስፒታሎቻችን ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ደገፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ የነቀርሳ ጫና ከጠናባቸው 30 አገሮች አንዷ ነችና ይህ መሣሪያ ለእኛ ተራ ዕቃ አይደለም። መሣሪያው ለእያንዳንዱ በሽተኛ ምርመራ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ካርትሪጅ ይበላል። ካርትሪጁን የሚሠራው ያው ኩባንያ ነው፤ የሌላ ሠሪ ካርትሪጅ አይገባበትም። መሣሪያውን የገዛ ሁሉ እንግዲህ ለካርትሪጁ ገባር ሆነ ማለት ነው።

ይህን መሣሪያ ያወጣው ሴፊድ የተባለ እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ሆኖም ብቻውን አልፈጠረውም። የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ተቋማት፣ ፋይንድ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትና የጌትስ ፋውንዴሽን በገንዘብም በዕውቀትም ተባብረውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በዚህ ቴክኖሎጂ ላይ የፈሰሰውን የሕዝብ ገንዘብ 252 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተለያዩ ለጋሾች ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው የካርትሪጁ ዋጋ ለታዳጊ አገሮች ከ16.86 ወደ 9.98 ዶላር ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። ሴፊድን እ.ኤ.አ. በ2016 ዳናኸር የተባለው ኩባንያ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ያስጠናው ጥናት አንዱን ካርትሪጅ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ እንደ ምርቱ ብዛት ከ3 ዶላር በታች እስከ 4.64 ዶላር ነው አለ። በየአገሩ ያሉ የበሽተኞች ማኅበራትና ሐኪሞች ዋጋው 5 ዶላር ይሁን ብለው ለዓመታት ጮኹ። ዳናኸርም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዋጋውን ወደ 7.97 ዶላር ዝቅ አደረገ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። ሽርክናው ፍሬ አፍርቷል፤ ለነቀርሳ ምርመራ ከፍተኛ እርምጃ መሆኑን የሚክድ የለም። የሕዝቡ ወገን ያወጣው ገንዘብ ግን በውሉ ውስጥ የባለቤትነት ድምፅ አላገኘም፤ ዋጋ እንዲወርድ ከፍሎ ፈጠረ፣ ከፍሎ አስወረደ፣ በኋላም ጮኾ አስወረደ።

ያለ ትርፍ ተስፋ ማን ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከጀማሪ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ይከስራሉ፣ ገንዘባቸውን የሚያጡም አሉ። ነገር ግን ከላይ ባየናቸው በሁለቱም ታሪኮች የመጀመሪያውንና እጅግ አስጊውን አደጋ የተሸከመው የግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። አደጋው የጋራ ከሆነ ውሳኔው ለብቻ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላ መንገድ ስለመኖሩ ከሕንድ አገር ምስክር እንጥራ። በማዱራይ ከተማ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋ የጀመሩት አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል የሞራ ግርዶሽ ያለባቸውን ድሆች ያክማል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በዓይን ውስጥ የሚተከለው ሌንስ ከውጭ ሲመጣ ከ100 ዶላር በላይ ስለነበረ ለድሃው የማይታሰብ ነበር። ሆስፒታሉ ሴቫ ከተባለው በጎ አድራጊ ድርጅት ጋር ተባብሮ የአሠራሩን ዕውቀት ከአሜሪካ አስመጣና እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። የሌንሱ ዋጋ ወደ 10 ዶላር፣ ውሎ አድሮም ከዚያ በታች ወረደ። ፋብሪካው ወደ ብዙ አገሮች ይልካል፤ ትርፍም ያገኛል። ልዩነቱ ባለቤቱ በአደራ የሚተዳደር ተቋም መሆኑ ላይ ነው። ሊገዛው የሚመጣ ሞኖፖል የሚገዛው አክሲዮን የለም። የውጭው ሸሪክ የሰጠውም ዕውቀት ነው፤ ያ ዕውቀት በሕንዳውያን ሠራተኞች እጅ ቀርቷል። እኛ ከሦስቱ ታሪኮች ይህንን እንመርጣለን። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከማየት ከተሳናቸው ወገኖቻችን ግማሽ ያህሉ ለዚህ የተዳረጉት በሞራ ግርዶሽ መሆኑ ተረጋግጧልና ምርጫችን የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል። ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሯቸው ናሙናዎች አሉ። የቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለመድኃኒት ምርት ታስቦ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ ባለካፒታል ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ለመሻረክ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። መልካም ነው፤ ይምጣ። ነገር ግን ወጣቱ መሐንዲስ ከመፈረሙ በፊት ኩባንያው ሲሸጥ የፈጠራው መብት ወዴት እንደሚሄድ፣ ገዢው ምርቱን ካቆመ መብቱ ለሌላ አምራች የሚተላለፍበት አንቀጽ ስለመኖሩ፣ ለመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሸጥበት ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ሊጠይቅ ይገባዋል። ብቻውን ቢጠይቅ አይሰማም። ድጋፍ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ፣ ለመላ አገሪቱ በብዛት የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትና የሠራተኞች ማኅበራት አብረው ቢጠይቁ ግን ጉልበቱ ሌላ ነው። በብዛት የሚገዛ ሰው ዋጋ የመቁረጥ አቅም እንዳለው ከመርካቶ ነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ጥገናም አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ከ112,000 በላይ መሣሪያዎችን ዝርዝር የመረመረ ጥናት በደካማ አገሮች ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች 40 በመቶ ገደማው ከአገልግሎት ውጪ መሆናቸውን አሳይቷል። መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ያልተካተተበት ሽርክና የሚያመጣው መሣሪያ ሳይውል ሳያድር አቧራ የሚጠጣ ብረት ይሆናል።

መጨረሻ ላይ እጅግ ተራ ስለሆነ አንድ መሣሪያ እንናገር። የባንግላዴሹ ሐኪም ዶክተር መሐመድ ቺስቲ በሳንባ ምች ለታመሙ ሕፃናት ከባዶ የሻምፑ ጠርሙስ፣ ከውኃና ከፕላስቲክ ቱቦ የአየር ግፊት መስጫ ሠሩ። በአገራችን በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታተም፣ በተለመደው መንገድ ኦክስጅን ከተሰጣቸው ይልቅ በዚህ የታከሙት ሕፃናት ሞት አንሶ ተገኘ። ከዚያ ቀደም ግን ተመሳሳይ ዘዴ በማላዊ ሐኪም በየዕለቱ በማይከታተልበት ሆስፒታል ሲሞከር የሟቾቹ ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር። በእኛ ሆስፒታሎች ነርሶቹ ሠልጥነው፣ ሐኪሞቹም በሽተኞቹን እየተከታተሉ ነበር። የጠርሙሱ ዋጋ ኢምንት ነው፤ የነርሷ ሥልጠናና የሐኪሙ ክትትል ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህም ወጪ በባለካፒታሎች ጉባኤ ላይ ለሽያጭ በሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።