ብርዱን የሚቆጥር ጓሮ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ ጓሮውን የሚያለማ ሐበሻ የጸደይን መምጣት ቀድሞ የሚያየው በነጭ ሽንኩርት መደቡ ላይ ነው። በጥቅምት አፈር የለበሰችው ፍሬ በየካቲት አረንጓዴ ጫፏን ብቅ ታደርጋለች። በረዶው ከጥላ ሥር ገና አልጠፋም፤ ካፖርትም አይወለቅም።

አገር ቤት ጓሮን የሚቀሰቅሰው ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዋሽንግተን ላይ ግን በታኅሣሥ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ርዝመት የነበረው ቀን በሰኔ 15 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ዝናቡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስለሚመላለስ ወቅት አይነግርም። ስለዚህ የዚህ አገር ተክል የብርሃኑን መርዘምና የአፈሩን መሞቅ ይከተላል። ከሁለቱም በፊት ግን ብርዱን ማሳለፍ አለበት።

የፍራፍሬ ዛፍ የሚያብብበት እምቡጥ ባለፈው ሐምሌና ነሐሴ የተሠራ ነው። በኅዳር ድንገት ሞቅ ቢል እንኳ የሚበቃውን ብርድ ሳያገኝ አይነቃም። አትክልተኞች ይህን በሰዓት ይለኩታል፤ ከዜሮ እስከ ሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ የቆየባቸውን ሰዓታት ይደምራሉ። ብዙዎቹ የአፕል ዝርያዎች ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ይፈልጋሉ። በአገራችን አፕል ሲነሣ የጨንቻ ስም የሚቀድመውም የጋሞ ደጋ ቅዝቃዜ ስላለው ነው። እስራኤል ውስጥ የተዳቀለው «አና» የተባለው ዝርያ ደግሞ ጥቂት መቶ ሰዓታት ስለሚበቁት ሞቅ ባሉ አገሮችም ያፈራል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ብርድ ይሻል፤ ብርድ ሳይነካው በጸደይ የተተከለ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ሳይከፋፈል አንድ ድቡልቡል ፍሬ ሆኖ ይቀራል።

ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅመው ምልክት ከጎመኑ ይገኛል። በመስከረም ተዘርቶ በረዶውን የተሻገረ ጎመን በመጋቢት መጨረሻ ልቡ ወደ ላይ ይመዘዝና ቢጫ አበባ ያወጣል። ብርዱን አሳልፏልና ከእንግዲህ ሐሳቡ ዘር መስጠት ነው፤ ቅጠሉም እየጠነከረና እየመረረ ይሄዳል። ግንዱ መመዘዝ ሲጀምር ሳይዘገዩ መልቀም ነው። አንድ ሁለቱን እግር ለንቦቹ መተው ግን ደግ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሚቀስሙት አበባ ጥቂት ነው።

ፎርሲቲያ የሚባለው ቁጥቋጦ ቅጠል ሳያወጣ ቢጫ በቢጫ ይሆናል። እሱን መግረዝ ያለብን አበባው እንዳለፈ ነው፤ በመከር የገረዘው ሰው የከርሞውን አበባ ቆርጦ ጥሏል። በዚያው ሰሞን ትናንሾቹ እንቁራሪቶች ከየረግረጉ ማታ ማታ መጮኽ ይጀምራሉ፤ ደረተ ቀዩ ሮቢንም የቀለጠው አፈር ላይ ትል ፍለጋ ይወርዳል።

የከተማዋ ስመ ጥር የቼሪ ዛፎችም በዚሁ የብርድና የሙቀት ሕግ ያድራሉ። ከቶኪዮ የተላኩት ከ3,000 በላይ ችግኞች ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1912 የተከሉት የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሔለን ታፍትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት ቪስካውንቴስ ቺንዳ ናቸው። በ1990 አበባቸው የደመቀው ማርች 15 ነበር፤ በ1958 ግን ኤፕሪል 18። ከወር በላይ ይለያያሉ። ጓሮን በቀን መቁጠሪያ ብቻ መምራት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ምልክቱን አይቶ መቸኮልም ያስከፍላል። በየካቲት አንድ ሳምንት ሲሞቅ የምትፈነዳው ማግኖሊያ በማግስቱ ውርጭ ቡናማ ሆና ስትንጠለጠል ማየት ያሳዝናል። አተር የአፈሩ ሙቀት አምስት ዲግሪ ሲደርስ መዝራት ይቻላል፤ ሰላጣና ቆስጣም ቀዝቃዛውን ይችላሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ግን አንድ ሌሊት ውርጭ ይጨርሳቸዋል። እነሱን በመስኮት ሥር በጣሳ ማፍላት፣ ከዚያም ሚያዝያ አጋማሽ ሲያልፍና ሌሊቱ ከአሥር ዲግሪ በታች መውረዱን ሲተው ወደ መደቡ ማውጣት ነው።