መብራት ሲመጣ ማን ያስታውስ?

ሳሪስ አቦ አካባቢ ካለ ወፍጮ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ገብቶ ግድግዳውን ላስተዋለ ሰው፣ ሁለት ቁልፎች ያሉት ሣጥን ይታየዋል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ሠራተኛው አረንጓዴውን ተጭኖ ጣቱን ሲያነሣ ቁልፉ በስፕሪንጉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሞተሩ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ከጣቱ በኋላ ትእዛዙን ይዞ የሚቆየው በሣጥኑ ውስጥ ያለው ኮንታክተር ነው።

ኮንታክተር የሪሌ ዓይነት ነው። ሪሌ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ውስጡ ከቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ኮይል አለው፤ ኮይሉ ፓወር ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አጠገቡ ያለችውን ብረት ይስባል፣ ብረቷም ኮንታክቶቹን ታገናኛለች። ፓወሩ ሲቋረጥ ስፕሪንግ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1835 እ.ኤ.አ. ይህን መላ ያበጀው፣ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ጅረት ሌላውን ብርቱ ጅረት እንዲያዝዝ ብሎ ነበር፤ ቴሌግራፍም ረጅም መንገድ የተጓዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ኮንታክተር የ3 ፌዝ ሞተር ጅረት እንዲሸከም ጠንክሮ የተሠራው ሪሌ ነው።

የሁለቱ ቁልፎች አሠራር እንዲህ ነው። ቀዩ ካልተጫኑት በስተቀር ሁልጊዜ የተገናኘ ነው፤ አረንጓዴው ካልተጫኑት አይገናኝም። ጅረቱ በቀዩ አልፎ አረንጓዴው ጋ ይቆማል። አረንጓዴው ሲነካ መንገዱ ይከፈትለትና ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫን መንገዱን በሚቆርጠው ኦቨርሎድ በኩል ኮይሉ ጋ ይደርሳል፣ ኮንታክተሩም ይይዛል። ኮንታክተሩ ከዋናዎቹ 3 መስመሮች ሌላ 13 እና 14 የሚል ቁጥር የተጻፈበት አነስተኛ ረዳት ኮንታክት አለው። ይህ ረዳት ከአረንጓዴው ቁልፍ ጋር ጎን ለጎን ይታሰራል። ኮንታክተሩ ሲይዝ ረዳቱም ስለሚገናኝ፣ ጣት ቢነሣም ኮይሉ ራሱ ባገናኘው መንገድ ፓወር ያገኛል። ቀዩ ሲነካ መንገዱ ይቋረጣል፣ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ረዳቱም አብሮ ይለያያል። ከዚያ በኋላ ቀዩ ቢለቀቅም ሞተሩ አይነሣም።

አሁን መብራት ጠፋ እንበል። የበዓል ሰሞን ነው፤ ወፍጮ ቤቱ በርበሬና ጤፍ ይዘው በተሰለፉ ሰዎች ተጨናንቋል። ፓወሩ ሲሄድ ኮንታክተሩ ለቀቀ። ወፍጮ ሠሪው አጋጣሚውን ተጠቅሞ ክዳኑን ከፈተና እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢመጣ እንኳ ሞተሩ ባለበት ይቆያል፤ ኮንታክተሩ ቀድሞ ይዞ እንደነበር አያስታውስም። ይህ መርሳት ሆን ተብሎ የተበጀ ጥበቃ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ መጋዝ በተራ ብሬከር ብቻ ሲነሣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብሬከሩ እንደበራ ስለሚቆይ፣ መብራት ሲመጣ መጋዙ የማንንም ጣት ሳይጠብቅ ይዞራል።

ፓወር ሲዳከምም ሌላ ፈተና አለ። የ220 ቮልት ኮይል አስተማምኖ እንዲይዝ ቢያንስ 85 በመቶውን፣ ማለትም 187 ቮልት ማግኘት አለበት። ከዚያ በታች ሲሆን ሊንቀጠቀጥና ሊጮህ ይችላል፤ በያዘና በለቀቀ ቁጥርም ኮንታክቶቹ ይቃጠላሉ። እንዲህ ሲሆን ሞተሩን አጥፍቶ ቮልቱን ማስለካት ይገባል። አረንጓዴውን ቁልፍ በእንጨት ሽብልቅ ወጥሮ ሥራ መቀጠል አደገኛ ነው፤ ቁልፉ ከተወጠረ ኮንታክተሩ መርሳት አይችልም፣ ጥበቃውም ይጠፋል።

መርሳት የሌለበት ቦታም አለ። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪን እንመልከት። ካርዱን የሞላ ደንበኛ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤቱ እንደ ቀድሞው ሊበራለት ይገባል፤ ሒሳቡ ያለቀበትም መብራት ጠፍቶ ስለመጣ ብቻ ሊበራለት አይገባም። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ላቺንግ ሪሌ ነው። ውስጡ ቋሚ ማግኔት ስላለ ብረቷን ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱ ያለ ምንም ፓወር ይዞ ያቆያታል። ኮይሉ የሚያስፈልገው ቦታ ለማስቀየር ብቻ ነው፤ ለዚያም ከሰከንድ ያነሰ አጭር ምት ይበቃዋል።

ቁጠባውም ቀላል አይደለም። በቆጣሪው ውስጥ ኮይሉ ሁልጊዜ ፓወር የሚፈልግ ተራ ሪሌ ቢኖርና 2 ዋት ብቻ ቢበላ፣ በዓመት 17.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በ1 ሚሊዮን ቆጣሪ ቢባዛ 17.5 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ላቺንግ ሪሌ ይህን ወጪ ያስቀራል።

ላቺንግ ሪሌን በቁልፍ ማዘዝ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ሁለት ኮይል ያለው ከሆነ ለያንዳንዱ ኮይል አንድ ቁልፍ ይበቃል፤ አንደኛው ቁልፍ ሲነካ ይበራል፣ ሌላኛው ሲነካ ይጠፋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መጫን ግን አይገባም። አንድ ኮይል ብቻ ያለው በዲሲ ይሠራል፤ ለማብራት ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በአንድ አቅጣጫ፣ ለማጥፋት ተገልብጠው ይሰጡታል።

ሦስተኛው የላቺንግ ሪሌ ዓይነት ኢምፐልስ ሪሌ ነው፤ እንደሚጫኑት እስክሪብቶ አንዴ ሲነካ ይበራል፣ ሲደገም ይጠፋል። ለኮንዶሚኒየም ደረጃ መብራት የሚስማማው ይህ ነው። በየፎቁ አንዳንድ የደወል ዓይነት ቁልፍ ይተከልና ሁሉም ጎን ለጎን ታስረው ወደ አንድ ኮይል ይሄዳሉ። ከታች ያበራ ሰው አራተኛ ፎቅ ደርሶ ሊያጠፋው ይችላል። አንድ ፎቅ ለመጨመር ቢፈለግ አንድ ቁልፍና ሁለት ሽቦ ብቻ ይጨመራል። ቁልፎቹ የሚያዙት የኮይሉን ትንሽ ጅረት ስለሆነ ቶሎ አይቃጠሉም፤ የመብራቶቹን ጅረት የሚሸከመው ሪሌው ነው።

እንግዲህ ከሚረሳው ኮንታክተርና ከማይረሳው ላቺንግ ሪሌ የትኛው ይሻላል ብሎ በደፈናው መጠየቅ አያዋጣም። መብራት ሲመጣ ራሱ ቢነሣ ማንንም የማይጎዳ ነገር፣ ለምሳሌ የደረጃ መብራት፣ በላቺንግ ሪሌ ቢታዘዝ ጥሩ ነው። የሚቆርጥ፣ የሚፈጭና የሚጠቀልል ሁሉ ግን በሚረሳ ኮንታክተር መታዘዝ አለበት። ርካሽነቱን ወይም ምቾቱን አይቶ መጋዝን በኢምፐልስ ሪሌ ማሠራት በሰው እጅ መቀለድ ነው።

ወፍጮ ወይም መጋዝ ያለዎት አንባቢ ይህን ዛሬውኑ ይፈትሹ። ሰው ሁሉ ከማሽኑ ይራቅ፤ ሞተሩ በባዶ እየዞረ ሳለ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ሲቆም መልሰው ያብሩት። አረንጓዴው ቁልፍ ሳይነካ ሞተሩ ከተነሣ፣ ዋናውን አጥፍተው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ፤ እስኪስተካከል ድረስም ማንም እንዳይሠራበት ያድርጉ።