ያውቁ ኖሯል? በሰማይም ወንዝ አለ

በሰማይ ላይ የሚጓዝ አንድ ኃይለኛ የእርጥበት ጅረት የሚሸከመው ውሃ፣ የአሜሪካው ሚሲሲፒ ወንዝ ባሕር ሲገባ ከሚያፈስሰው አማካይ መጠን ከ7.5 እስከ 15 እጥፍ እንደሚደርስ ያውቁ ኖሯል? ውሃው የሚጓዘው ግን በተን መልክ ስለሆነ ቀና ብለው ቢመለከቱ አያዩትም።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች «የከባቢ አየር ወንዝ» ይሉታል። ወርዱ በአማካይ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ከሞቃታማው የፓስፊክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዳሉት ካሊፎርኒያ፣ ኦሬገንና ዋሽንግተን ግዛቶች ሲደርስ ተራሮቹ ሽቅብ ይገፉታል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝም ተኑ ዝናብና በረዶ ሆኖ ይወርዳል። በዚህ ጠረፍ ከዓመቱ ዝናብና በረዶ ከ30 እስከ 50 በመቶው የሚገኘው እንዲህ ካሉ ጥቂት ክስተቶች ነው።

አብሮት የሚመጣው ወጀብ ዛፍ የሚነቅል ነፋስና ከፍተኛ የባሕር ሞገድ ያስነሣል። ሞገዱ በባሕር ዳርቻ የተጋደሙ ከባድ ግንዶችን አንሥቶ ሰው ላይ ሊጥል ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ1861 ማብቂያ ጀምሮ እንዲህ ያሉ የሰማይ ወንዞች ያመጡት፣ ለሳምንታት የዘለቀ ዝናብ የካሊፎርኒያን ዋና ከተማ ሳክራሜንቶን በጎርፍ አጥለቅልቋት ነበር። ሊላንድ ስታንፎርድ ጃንዋሪ 10 ቀን 1862 በአገረ ገዥነት ቃለ መሐላ ለመፈጸም የሄዱት በመቅዘፊያ ጀልባ ነው፤ የግዛቲቱ ምክር ቤትም ለጊዜው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ።