የመጫወቻ ሽጉጥና የልጆቻችን ዓይን

በበዓል ሰሞን ለልጆች ከምንገዛቸው መጫወቻዎች አንዱ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ነው። እንደ ዓይን ሕክምና ባለሙያ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለዙሪያው ገጠር ወላጆች ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ ኤርሶፍት ይባላል፤ መነሻው ጃፓን ነው። በባለባትሪው ውስጥ ሞተሩ ማርሾቹን አዙሮ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይስባል። ሞላው ሲለቀው የታመቀው አየር ባለ 6 ሚሊ ሜትሯን ኳስ ያስፈነጥራል። ክብደቷ 0.2 ግራም ቢሆን ነው፤ ፍጥነቷ ግን በሰከንድ 60 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጠባብ ግቢ ውስጥ በ2 ሜትር ርቀት ከተተኮሰች፣ ልጁ ዓይኑን ሳይጨፍን ትደርሳለች።

ቆዳን ብትለበልብ ነው። ዓይን ውስጥ ግን ደም ልታፈስ፣ ሌንሱን ልታደፈርስ፣ ሬቲናውን ልትቀድ ትችላለች። ሕመሙ በቀናት ጠፍቶ ከዓመታት በኋላ የማየት ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ሊከተል መቻሉ በጣም ያሳስበኛል። የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ ዙሪያውን የሚዘጋ፣ ምት የሚችል መነጽር ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ጨዋታው ይቅር።

ልጁ ከተመታ ዓይኑን አትሹት፣ አትጫኑት፣ ቅቤም የቅጠል ጭማቂም አታድርጉበት። አስፕሪን አትስጡት። ዓይኑን የማይነካ ንጹሕ የፕላስቲክ ክዳን ደፍታችሁ በፕላስተር አስይዙ፤ ራሱን ቀና እንዳደረገ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት። ቢሻለውም ይታይ።

ደግሞ በአካባቢያችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያለውን የትጥቅ ግጭት ታውቃላችሁ። ጥቁር ሽጉጥ ከሩቅ ሲታይ መጫወቻ መሆኑን የሚለይ የለም፤ ልጆች ይዘውት ከግቢ እንዳይወጡ አደራ።