ከአትላስ ገጽ ወደ ሰው ገላ፦ የጤና ሳይንስ የመጀመሪያው ዓመት

«ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሐኪም» ብሎ የሚመልስ ሕፃን በአገራችን ብዙ ነው። ይህ የልጅነት ምኞት በምን ዓይነት ድካም ወደ ሙያ እንደሚለወጥ ግን አስቀድሞ የሚነግረን ሰው እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ በአንድ የጥናት ቡድን የተሰባሰብን ስድስት ተማሪዎች በጤና ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመታችን ያጋጠመንን፣ የተሳሳትነውንና የተማርነውን ለውድ አንባቢያን ለማካፈል እንወዳለን። በተለይም መስኩን ለመቀላቀል የምታስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከስሕተታችን አንዳች ቁም ነገር ትጨብጡ ዘንድ ምኞታችን ነው።

እንደሚታወቀው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡ ተማሪዎች በቅድሚያ የጋራ ኮርሶችን እንዲወስዱ ተደርጓል። እኛም ሎጂኩን፣ ሥነ ልቦናውንና ጂኦግራፊውን አጠናቅቀን ጤና ሳይንስ እንደደረሰን ስንሰማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ባዮሎጂን በቃል በመያዝ የሚስተካከለን አልነበረምና፣ አናቶሚም ከዚያ የተለየ አይሆንም ብለን አሰብን።

ፎርማሊንና ነጭ ጨርቅ

ወደ አናቶሚ ላቦራቶሪ የገባንበትን የመጀመሪያ ቀን የምናስታውሰው በሽታው ነው። ፎርማሊን ፎርማልዴሃይድ የተባለው ጋዝ በውኃ ውስጥ የሟሟበት ፈሳሽ ሲሆን፣ የሕዋሳትን ፕሮቲኖች እርስ በርስ በማቆራኘት አስከሬን እንዳይበሰብስ ያደርጋል። የሕያዋንን ዓይንና አፍንጫም ያቃጥላልና ያን ቀን ያነባነው ከሐዘን ይሁን ከፎርማሊን ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ስሙን አናውቅም፤ ዕድሜውንም መገመት አልቻልንም። ትምህርቱ የጀመረው ከክንድ ስለነበር ቀሪው አካል በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከመካከላችን አንዱ ለማየት ጓጉቶ ጨርቁን ከፊቱ ላይ ገለጠና እንደተገለጠ ተወው። በዚያ ላቦራቶሪ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ሠራተኛ ቀረብ ብለው «ፊቱን ሸፍኑለት እንጂ ልጆቼ፤ ሰው እኮ ነው» አሉን። ሸፈንነው፤ የንግግራቸው ትርጉም ግን በጊዜው ጠልቆ አልገባንም ነበር።

የአትላሱ ቀለማት

የጎልማሳ ሰው አጥንቶች 206 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 106ቱ ማለትም ከግማሽ የሚበልጡት የሚገኙት ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። በዚህ ላይ ጡንቻው፣ የደም ሥሩና ነርቩ ሲጨመርበት የስሙ ብዛት ያስደነግጣል። እኛም ሌሊቱን ሙሉ አትላስ ገልጠን ስሞቹን መሸምደድ ያዝን። በአትላሱ ላይ ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ፣ ነርቭ ደግሞ ቢጫ ሆኖ ስለሚሣል ሁሉም ነገር ግልጽ መሰለን።

የመጀመሪያው የተግባር ፈተና ቀን ደረሰ። በየጠረጴዛው ላይ ባሉ አካላት ቁጥር የተጻፈባቸው መርፌዎች ተሰክተዋል። ተማሪው በአንዱ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ መርፌው ያረፈበትን ይጽፋል፤ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኛ የጠበቅነው ቀዩን፣ ሰማያዊውንና ቢጫውን ነበር። በፎርማሊን የቆየ ገላ ግን ቀይም ሰማያዊም ቢጫም የለውም፤ ሁሉም ወደ ግራጫና ወደ ቡናማ ያደላል። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ባዶ መስመር ትተን አለፍን። ውጤቱ ሲለጠፍ ከስድስታችን አራታችን የማለፊያ ነጥብ አላገኘንም።

መምህራችን አልተቆጡንም። «አትላሱን አጥንታችሁታል፤ ሰውየውን ግን አላያችሁትም» ብለው ወደ ጠረጴዛው መለሱን። በጓንት በተሸፈነ ጣታችንም እንድንዳስስ አዘዙን። ደም ቅዳ ከልብ በግፊት የሚወጣውን ደም ስለሚሸከም ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሲቆረጥም ክብ ቅርጹን ይይዛል። በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ግድግዳው ስስ ነው፤ ባዶ ሲሆንም ይተኛል። ነርቭ ግን ቧንቧ ሳይሆን ውስጡ ድፍን የሆነ ገመድ መሳይ ነው። ቀለሙ ሠዓሊው ለማስረዳት የጨመረው ምልክት ሲሆን፣ መለያው ግን ሥራው ነው። አማርኛችን «ቅዳ» እና «መልስ» ብሎ ሥራውን በስሙ ውስጥ ማስቀመጡን ያስተዋልነውም ያን ጊዜ ነበር።

አንድ ነርቭ፣ አንድ ልጅ

ከፈተናው በኋላ ከቡድናችን አንዱ መስክ ለመቀየር ወሰነ። ማመልከቻውን ጽፎ በጋዋኑ ኪስ ይዞት ይዞር ነበር። «ስም እየሸመደድኩ ዕድሜዬን አልፈጅም» ሲለን የምንመልስለት አጣን።

በሚቀጥለው ሳምንት የመቀመጫ አካባቢ ጡንቻዎች ተራ ደረሰ። ትልቁን ጡንቻ ገልጠን ስናነሳ ከሥሩ የጣት ያህል ስፋት ያለው ነርቭ ታየን፤ ሳያቲክ ነርቭ ነበር። ይህ ነርቭ በሰው አካል ውስጥ ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ሲሆን፣ ከታችኛው የአከርካሪ ክፍል ከሚወጡ የነርቭ ሥሮች ተገንብቶ በመቀመጫ በኩል ወደ ጭን ይወርዳል። መርፌ በመቀመጫ ላይ ሲወጋ አካባቢው በሐሳብ ለአራት ተከፍሎ የላይኛውና የውጭኛው ሩብ የሚመረጠው ከዚህ ነርቭ ለመራቅ መሆኑን መምህራችን አስረዱን። ጡንቻቸው ገና ባልዳበረ ጨቅላዎች ላይ ደግሞ የጭን የፊትና የውጭ ጎን ተመራጭ ነው። መርፌው ወይም መድኃኒቱ ነርቩን ክፉኛ ከጎዳው እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ማንሳት ሊሳን ይችላል፤ በእርምጃ ጊዜም ጣቶቹ መሬት ይጎትታሉ።

ጓደኛችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም በሠፈሩ ስለነበረ አንድ ልጅ ነገረን። ልጁ ታምሞ መርፌ በተወጋ ማግስት አንድ እግሩን መጎተት ጀመረ። ቤተሰቡ «መጋኛ መታው» አሉ። ኳስ ሲጫወቱም መሮጥ ስለማይችል ሁልጊዜ በረኛ ይሆን ነበር። «ይኼ ነርቭ ይሆን የተነካው?» ሲል ጠየቀ። መምህራችን ልጁን ሳይመረምሩ መፍረድ እንደማይቻል፣ እንደ ፖሊዮ ያለ ሌላ ምክንያትም ሊኖር እንደሚችል፣ ነገር ግን የተባለው ሁሉ ከነርቩ ጉዳት ጋር የሚስማማ መሆኑን በጥንቃቄ መለሱለት። ያ ማመልከቻ ሳይገባ ቀረ። ጓደኛችን ይህን የነገረን ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

እኛም የአዛውንቱ ቃል የገባን በዚያ ቀን ነበር። በአትላስ ላይ ቢጫ መስመር ሆኖ ያየነው ነገር በአንድ ሠፈር የአንድ ልጅ ሩጫ ሊሆን ይችላል። ስሙን የሚረሳ ተማሪ ነጥብ ያጣል፤ ቦታውን የሚስት ባለሙያ ግን የሌላውን ሰው እግር ያሳጣል።

የዶሮው አሥራ ሁለት ብልት

ከዚህ በኋላ የአጠናን ስልታችንን ለወጥን። ከቡድናችን አንዷ «እናቴ ዶሮ ስትገነጣጥል አጥንት አትሰብርም፤ መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ ትለያለች እንጂ። አሥራ ሁለቱንም ብልት በስማቸውና በቦታቸው ታውቃለች» አለችን። እኛም በራሳችን ገላ ላይ መገጣጠሚያን መፈለግ፣ የደም ቅዳን ትርታ መዳሰስ ጀመርን። ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣታችን የሚወርደው ንዝረት አልናር የተባለው ነርቭ መንገድ መሆኑን ካወቅን በኋላ ያን ነርቭ የረሳ ከመካከላችን የለም።

ሁለተኛው ለውጥ እርስ በርስ መጠያየቅ ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተማርነው ነገር በፍጥነት የሚጠፋው ወዲያው ከተማርን በኋላ ባሉት ሰዓታት መሆኑን በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። አሜሪካውያኑ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከተማሪዎች አንዳንዶቹ ጽሑፍን ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ አንብበው ራሳቸውን እንዲፈትኑ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ብዙ ያስታወሱት ራሳቸውን የፈተኑት ሆነው ተገኙ። ሌሊቱን ሙሉ ማንበባችን ለምን እንዳልጠቀመን ከዚህ ተረዳን። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ዘግተን እንጠያየቃለን፤ ከሦስት ቀን በኋላም ያንኑ ደግመን እንጠያየቃለን።

በሁለተኛው የተግባር ፈተና ስድስታችንም አለፍን። ከፍተኛ ውጤት አመጣን ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ባዶ የተውነው መስመር ጥቂት ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሲያበቃም አዛውንቱ ሠራተኛ እስኪናገሩን አልጠበቅንም። ነጩን ጨርቅ አንስተን የዚያን ስሙን የማናውቀውን ሰው ፊት ሸፈንን፤ ጥቂት ቆመንም ወጣን።

ውድ አንባቢያን፣ ወደዚህ መስክ የምትመጡ ከሆነ የምትሸመድዱት ስም ብዙ እንደሚሆን አንደብቃችሁም። ነገር ግን አንድን ስም በያዛችሁ ቁጥር «ይህ ቢጎዳ ሰውየው ምን ያጣል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን ስታገኙ ስሙም አብሮ ይቀመጣል።

መልካም የትምህርት ዘመን!