ጨዋታው አተረፈ፣ ኩባንያው ከሰረ

ለፋሲካ በግ ወደ ከተማ የሚያስገባ ነጋዴ ገበያውን አይፈጥረውም፤ ገበያው የሚደርስበትን ቀን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። "ኤፒክስ" የተባለው የካሊፎርኒያ የኮምፒዩተር ጨዋታ አምራች እ.ኤ.አ. በ1984 ያደረገው ይህንኑ ነበር። "ሰመር ጌምስ" የተሰኘውን ጨዋታ ያወጣው የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በተካሄደበት ዓመት ነው። ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጎን ቆማ ያልተሳተፈችበት ያ ኦሊምፒክ ለአዘጋጆቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስገኝቶ፣ ስፖርት ትልቅ ንግድ መሆኑን አስመስክሯል።

ኤፒክስ በኦሊምፒክ ስም የመነገድ ፈቃድ አልነበረውም። ስሙን ሳይጠራ ግን ድባቡን ሸጠ። ጨዋታው ሲከፈት ችቦ ይለኮሳል፣ ርግቦች ይበራሉ። እስከ 8 የሚደርሱ ተጫዋቾች አገር መርጠው በ100 ሜትር ሩጫ፣ በዱላ ቅብብል፣ በምርኩዝ ዝላይ፣ በዋና፣ በጂምናስቲክና በመሳሰሉት 8 ውድድሮች ይፎካከራሉ። ለአሸናፊው የአገሩ መዝሙር ይዘመርለታል። ከሚመረጡት ሰንደቅ ዓላማዎች አንዱ የራሱ የኤፒክስ መሆኑ ደግሞ የነጋዴውን ብልጠት ያሳያል፤ ገዢው ራሱ ከፍሎ የሚያየው ማስታወቂያ ነውና።

የወጪውም ስሌት ብልህ ነበር። በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ተንኮታኩቶ ብዙ አምራቾች ሲዳከሙ፣ ኤፒክስ "ስታርፓዝ" ከተባለው ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ስታርፓዝ ጀምሮት ለገበያ ያልበቃው የአትሌቲክስ ጨዋታም ለሰመር ጌምስ መነሻ ሆነ። መጫወቻው "ኮሞዶር 64" ኮምፒዩተርም በ1982 ሲወጣ 595 ዶላር የነበረው ዋጋው በዓመቱ ወደ 200 ዶላር ወርዶ ብዙ ቤት ገብቶ ነበር። ማሽኑን ሌላው አምርቶ ሲያከፋፍል ኤፒክስ ዲስኬት ብቻ ይሸጣል ማለት ነው።

አንዴ የተሳካው ዘዴ ደጋግሞ ተሸጠ። "ሰመር ጌምስ 2" እና "ዊንተር ጌምስ" በ1985፣ "ወርልድ ጌምስ" በ1986፣ "ካሊፎርኒያ ጌምስ" በ1987 ተከታተሉ። ተጫዋቾች ጆይስቲኩን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ሲሰብሩት፣ ኤፒክስ የራሱን ጆይስቲክም ለገበያ አቀረበ።

ችግሩ የመጣው ኩባንያው ከለመደው ንግድ ሲወጣ ነው። ኤፒክስ "ሃንዲ" የሚል ስም የሰጠውን፣ ባለ ቀለም ስክሪን የእጅ መጫወቻ ማሽን ለመሥራት ተነሣ። ጨዋታ አንዴ ከተሠራ በኋላ ቅጂው ዲስኬትና ካርቶን ብቻ ነው የሚያስወጣው። ማሽን ግን አንዱ ሳይሸጥ ለቺፕ፣ ለስክሪን፣ ለፋብሪካና ለክምችት አስቀድሞ ገንዘብ ይጠይቃል። የኤፒክስ ካፒታል ይህን አልቻለም። ማሽኑ ወደ "አታሪ" ተላለፈና በ1989 "ሊንክስ" ተብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት ኤፒክስ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ።

ሊንክስም ቢሆን አልቀናውም። ዋጋው ወደ 180 ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የመጣው የኒንቴንዶ "ጌም ቦይ" ግን ወደ 90 ዶላር ነበር። የጌም ቦይ ስክሪን ባለ ቀለም ባይሆንም ገዢው ርካሹን መረጠ። የሚያስገርመው ግን አታሪ ገዢ ለመሳብ ከሊንክስ ጋር በአንድ ካርቶን የጨመረው ያንኑ የኤፒክስን "ካሊፎርኒያ ጌምስ" መሆኑ ነው።

የጨዋታዎቹ ዋጋ ከኩባንያው ዕድሜ በላይ ዘልቋል። በ2018 የኮሞዶር 64 ትንሽ አምሳያ ለናፋቂዎች ሲቀርብ፣ በውስጡ ከተካተቱት 64 ጨዋታዎች መካከል "ሰመር ጌምስ 2"፣ "ዊንተር ጌምስ"፣ "ወርልድ ጌምስ" እና "ካሊፎርኒያ ጌምስ" ይገኙበታል።

ኤፒክስን የጣለው የገዢ መጥፋት አልነበረም። በትንሽ ካፒታል ከሚዞር ንግድ የተገኘ ትርፍ፣ ብዙ ካፒታል አስሮ በሚያቆይ ንግድ ውስጥ መግባቱ ነው። ከችርቻሮ ወደ ፋብሪካ፣ ከድለላ ወደ ሕንጻ ለመሻገር የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ ሊያሰላው የሚገባው፣ የመጀመሪያው ሽያጭ እስኪመጣ ስንት ወር ከኪሱ እያወጣ መቆየት እንደሚችል ነው።