የተበላሸ መኪና አጐታተት በመተማና በቋራ ቆላ
ገመድ፣ የብረት ዘንግ ወይስ በሌላ መኪና ላይ መጫን?

የሰሊጥ ነጋዴ ትርፉንና ኪሳራውን የሚያሰላው በኩንታል ዋጋ ነው። በገለጉና በመተማ ቆላ ግን ትርፍን ከሚበሉት ነገሮች አንዱ በዋጋ ዝርዝር ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ይኸውም ከነጭነቱ መንገድ ላይ የቀረ ካሚዮን ነው። ሰሊጥ ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት በጥቅምትና በኅዳር አንድ መኪና ቢቆም የሚጐዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ገዢው የውል ቀኑ ያልፍበታል፣ ሻጩ ገንዘቡ ይዘገይበታል፣ ባለሱቁም ካሚዮኑ ሲመለስ ይዞለት እንዲመጣ የሚጠብቀው ስኳርና ሳሙና ሳይደርስለት ይቀራል።

ስለዚህ መኪናን ጐትቶ ማውጣትና ወደ ጋራዥ ማድረስ የሾፌርና የረዳት ጉዳይ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። ስልቱ በችኰላ የተመረጠ እንደ ሆነ በጥቂት ብር ሊጠገን ይችል የነበረው መኪና ካምቢዮው ይበላሻል፤ ከዚያም ሲከፋ የሰው ሕይወት ይጠፋል። በሥራ ላይ ከተፈተኑት የአጐታተት ስልቶች እያንዳንዱ የሚበጅበትና የማይበጅበት ቦታ ስላለው፣ ከዚህ በታች በየተራ ተመዝነዋል።

የአገሩ ጠባይ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ አዘዞ የሚደርሰው መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ወደሚደርሰው ደጋ የሚወጣ ነው። ገለጉ ደግሞ ከዚህ ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ርቃ በቋራ ወረዳ ትገኛለች። በክረምት ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጎማም ይይዛል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ ሌላውን ሊጐትት የመጣው መኪና ራሱ ውኃው ፈልቶ ሊቆም ይችላል። እንግዲህ በዚህ አገር የሚመረጠው ስልት ጭቃን፣ ሙቀትንና ዳገትን አንድ ላይ የሚችል መሆን አለበት።

ከጭቃ ስለ ማውጣት

በመኪና አወጣጥ ሥራ የታወቀ አንድ መለኪያ አለ። መኪና እስከ ጎማው እምብርት የሰመጠ እንደ ሆነ እርሱን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኀይል ከመኪናው ክብደት ጋር ይተካከላል፤ እስከ ፓራፋንጎው ከሰመጠ ግን እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ ከነጭነቱ 70 ኩንታል የሚመዝን ካሚዮን እስከ እምብርቱ ቢሰምጥ የ70 ኩንታል ጉልበት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ 40ው ጭነት ቢሆንና አስቀድሞ ቢወርድ ሸክሙ ወደ 30 ይቀንሳል። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ መጥረግም እንዲሁ ብዙ ጉልበት ያድናል። ለማውረጃ የሚከፈለው የወዛደር ዋጋ ከሚበጠሰው ገመድና ከሚጣመመው ሻንሲ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በእርሻው አገር ለመጐተት ብዙ ጊዜ የሚጠራው ትራክተር ነው። ትራክተር ኀይሉ ብዙ ቢሆንም አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ገመዱ ከኋላ ጎማው እምብርት ከፍ ብሎ የታሰረ እንደ ሆነ የፊት ጎማዎቹ ይነሡና በነጂው ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ይህም የሚሆነው ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ለመጐተቻ በተሠራው ብረት ላይ እንጂ በሌላ ስፍራ ማሰር አይገባም።

የተወጠረ ገመድ ወይም ሰንሰለት ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ይመታል። በዚህ ምክንያት ተመልካች ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ርቆ መቆም አለበት፤ በገመዱ መካከልም የራሰ ከባድ ጆንያ ማንጠልጠል የምቱን ኀይል ይቀንሳል።

በመንገድ ላይ ስለ መጐተት

በአሜሪካ አገር ቤት መሳይ በሆነ ትልቅ መኪና እየተጓዙ አገር የሚጐበኙ ሰዎች፣ ከተማ ሲደርሱ የሚዘዋወሩበትን ትንሽ አውቶሞቢል ከኋላ እየጐተቱ ይሄዳሉ። ለዚህም ሦስት ስልቶች አሏቸው፤ አራቱም ጎማ መሬት እንደ ነካ በብረት ዘንግ መጐተት፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በትንሽ ጋሪ ላይ ማንሣት፣ ወይም መኪናውን በሙሉ በተሳቢ ላይ መጫን ነው። ከእነዚህ መካከል ገመድ አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባል።

1ኛ. ገመድና ሰንሰለት። በየቦታው የሚገኝና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መሳብ እንጂ መግታት አይችልም። የሲራራ ነጋዴ ግመሎቹን በገመድ አያይዞ ሲነዳ የፊተኛዋ ብትቆም የኋለኛዪቱም ትቆማለች፤ መኪና ግን ፍሬን ካልያዘው አይቆምም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ደግሞ ፍሬኑም መሪውም እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ገመድ ከጭቃ ለማውጣትና በሜዳ ላይ በቀስታ ለአጭር መንገድ ብቻ ይበጃል፤ ለአይከል ቁልቁለት አይሆንም።

2ኛ. የብረት ዘንግ። ይሳባልም፣ ይገታልም። የኋለኛው መኪና በፊተኛው ላይ እንዳይወጣ ርቀቱን ይጠብቃል። ዳሩ ግን የኋለኛውን ክብደት የሚያቆመው የፊተኛው ፍሬን በመሆኑ ጐታቹ ከተጐታቹ የሚከብድ መሆን አለበት። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚፈጀው ርቀት ወደ አራት እጥፍ እንደሚያድግም አይዘነጋም።

3ኛ. ሁለት ጎማ ማንሣት። ኀይሉ በፊት ጎማ ለሆነ ትንሽ አውቶሞቢል መልካም ነው። በአራቱም ጎማ ለሚሠራ መኪና ግን ሁለቱ ተነሥተው ሁለቱ መሬት ላይ ቢሽከረከሩ ኀይል ማከፋፈያውን ሊሰብረው ይችላል።

4ኛ. በሎቤድ ወይም በተሳቢ ላይ መጫን። ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል፤ መኪናውን ግን አይጐዳም። ሲጫን ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በተሳቢው ማያያዣ ላይ እንዲያርፍ ሸክሙን ወደ ፊት ማድላት ያስፈልጋል። ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ እንደ ሆነ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ በዚያን ጊዜ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ እንጂ ፍሬን መደብደብ አይገባም።

ካምቢዮን ስለ መጠበቅ

ብዙ ኪሳራ የሚመጣው ማርሹ ዜሮ ላይ ከሆነ ጉዳት የለም ከሚል አስተያየት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱን የሚያሠራጨው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲሽከረከር ብረት ከብረት ያለ ዘይት ይፋጫል። በእጅ በሚለወጠውም ቢሆን ረጅም መንገድ መጐተት እንዲሁ ሊጐዳው ይችላል። መድኃኒቱ ኀይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ካርዳን መፍታት፣ ወይም ኀይል የሚቀበሉትን ጎማዎች ከመሬት ማንሣት ነው። የአንድ ሰዓት የመካኒክ ሥራ ሙሉ ካምቢዮ ያድናል።

ለነጋዴው የሚሰጥ ምክር

ከመከር በፊት በየካሚዮኑ ውስጥ ልኩ የታወቀ የብረት ዘንግ፣ አካፋ፣ ለምልክት የሚሆን መብራትና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን መኖሩን መርምሮ ማረጋገጥ ይገባል። ሾፌሩ ማንን ጠርቶ በምን ስልት እንዲያስጐትት፣ እስከ ምን ያህል ዋጋ ድረስም ራሱ እንዲወስን ፈቃድ እንዳለው አስቀድሞ በጽሑፍ ቢሰጠው፣ ሌሊት ጫካ ውስጥ ሆኖ ያገኘውን ገመድ ለመያዝ አይገደድም። የመድን ውሉም ስለ ጉተታ የሚለውን ማንበብ የሚበጀው መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው።

በአጭሩ፣ ገመድ ለጭቃ፣ ዘንግ ለአጭር ጐዳና፣ ተሳቢና ሎቤድ ለረጅሙ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ለጐንደር ዳገት የሎቤድ ኪራይ የሰሰተ ነጋዴ፣ ያተረፈውን ገንዘብ ጋራዥ ሲደርስ ከነወለዱ ይከፍለዋል።